አንድ ዝቅተኛ ማርክ የኢንጂኔሪንግን ተማሪ ከከፍተኛ ትምህርት ያስቀረዋልን?

በዘንድሮው ዓመት ከክፍላችን ተማሪዎች ብዙዎቹ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት በመሰናዳት ላይ ናቸው፤ ከእነርሱም ውስጥ ኢንጂኔሪንግ ለመማር የሚመኙት ጥቂቶች አይደሉም። በዕረፍት ሰዓት ተሰብስበን ስንጫወት አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል። ይኸውም፥ «ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በአንድ ኮርስ ዲ ያገኘሁ እንደ ሆነ ማስተርስና ዶክትሬት መማር ቀረብኝ ማለት ነውን?» የሚል ነው። አንዳንዱ ተማሪ «አዎን፥ ያን ጊዜ አለቀልህ» ብሎ ይመልሳል። ሌላው ደግሞ «ማርክ ምን ያደርጋል፥ ዋናው ዕውቀት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም መልሶች ለጨዋታ ያህል የተባሉ ናቸው እንጂ ተመዝነው የተሰጡ አይደሉም። ስለዚህ ነገሩን በሒሳብ መርምሬ፥ ልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎችም ያወጡትን ደንብ ተመልክቼ ይህን ጽሑፍ ለመጽሔታችን አቅርቤአለሁ። ከአገራችን አልፌ ስለ አሜሪካና ስለ ጀርመን አገር መናገሬ፥ ከኢትዮጵያ የኢንጂኔሪንግ ምሩቃን ብዙዎች ማመልከቻቸውን የሚልኩት ወደ እነዚሁ አገሮች ስለ ሆነ ነው።

አስቀድሞ አማካይ ነጥብ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህን ሳያውቁ መፍራትም ሆነ አለመፍራት ከንቱ ነውና። በአገራችንም ሆነ በአሜሪካ ማርክ በፊደል ይሰጣል፤ ኤ 4፥ ቢ 3፥ ሲ 2፥ ዲ 1፥ ኤፍ 0 ነጥብ ነው። በመካከላቸው ያሉትን የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባቸውን ለጊዜው እንተዋቸው። እያንዳንዱ ኮርስ ደግሞ ክብደቱ የሚለካበት ክሬዲት የሚባል ቍጥር አለው። የኮርሱ ክሬዲት በማርኩ ነጥብ ይባዛል፤ የሁሉም ኮርሶች ብዜት ተደምሮ ለጠቅላላው ክሬዲት ይካፈላል፤ የተገኘው ውጤት አማካይ ነጥብ ይባላል።

እንግዲህ አንድ ተማሪ በምሳሌ እንውሰድ። ይህ ተማሪ በኮርሶቹ ሁሉ ቢ የሚያገኝ ነው፤ በአንድ ባለ 4 ክሬዲት ኮርስ ብቻ ዲ አገኘ እንበል። ነገሩ የደረሰበት በመጀመሪያው ሴሚስተር ሆኖ፥ በዚያ ሴሚስተር የወሰደው 16 ክሬዲት ቢሆን፥ 12 ጊዜ 3 36 ነው፤ 4 ጊዜ 1 4 ነው፤ ድምሩ 40 ለ16 ሲካፈል 2.50 ይመጣል። ይህ ቍጥር ያስደነግጣል። ነገር ግን ተማሪው እንደ ልማዱ ቢ እያገኘ ቀጥሎ 48 ክሬዲት በሞላ ጊዜ፥ 136 ለ48 ተካፍሎ አማካይ ነጥቡ 2.83 ይሆናል። በአሜሪካ ደንብ አራቱን ዓመት ጨርሶ 128 ክሬዲት የሞላ እንደ ሆነ ደግሞ 376 ለ128 ተካፍሎ 2.94 ይሆናል። ያ ዲ ባይኖር ኖሮ 3.00 በሆነ ነበር። ተመልከቱ፤ ማርኩ ያው አንድ ማርክ ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ሴሚስተር ግማሽ ነጥብ የበላው ዲ በምረቃው ቀን የሚበላው 0.06 ብቻ ነው።

በሰፈራችን የሚኖር አንድ ወጣት የደረሰበትን ልንገራችሁ። በሁለተኛ ደረጃ ሳለ ሬዲዮ ፈትቶ የሚገጥም፥ የጎረቤት ሁሉ ምጣድ ሲበላሽ የሚጠራ ልጅ ነበረ። ዩኒቨርሲቲ በገባ በመጀመሪያው ሴሚስተር በአንድ የሒሳብ ኮርስ ዲ አገኘ። ማርኩን ይዞ በመጣ ጊዜ አባቱ፥ «አንተ ለዚህ አልተፈጠርህም» አሉት። እርሱም በዓመቱ መጨረሻ የትምህርት ክፍል መምረጫውን ፎርም ሲሞላ ኢንጂኔሪንግን ሳይጽፍ ቀረ። የቀሩት ማርኮቹ ኤና ቢ ነበሩ። ወላጆቻችን ይህን ገጽ ሲያነቡ ከላይ ያለውን ሒሳብ አንድ ጊዜ በወረቀት ላይ ቢሠሩት ደስ ይለኛል፤ ከብዙ ማካፈል በቀር ምንም የሚያስቸግር ነገር የለበትም።

ወደ ምሳሌው እንመለስ። ያ ተማሪ የጐደለበት 8 ነጥብ ነው፤ ይኸውም 4 ክሬዲት በ2 ነጥብ ልዩነት ሲባዛ ነው። ከዚያ በኋላ በሁለት ባለ 4 ክሬዲት ኮርሶች ከቢ ይልቅ ኤ ቢያገኝ 8 ነጥቡ ይመለስለትና ልክ በ3.00 ይመረቃል። እንግዲህ የአንድ ዲ ዕዳ በሁለት ኤ ይከፈላል ማለት ነው። ኤፍ የሆነ እንደ ሆነ ግን ዕዳው 12 ነጥብ ነው፤ ሦስት ኤ ይጠይቃል፤ ያውም ኮርሱን ደግሞ ከመማር አያድንም።

ታዲያ 0.06 ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ ስለ ምን እንነጋገራለን? ምክንያቱ ዳርቻ የሚባል ነገር ስላለ ነው። በአሜሪካ አገር ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለድኅረ ምረቃ ትምህርት የሚያመለክት ሰው ቢያንስ 3.00 አማካይ ነጥብ እንዲኖረው ይጠይቃሉ። ይህ ቍጥር የበር ዘበኛ ነው፤ ከበሩ ያስገባል እንጂ ወንበር አይሰጥም። በ3.60 ለሚመረቅ ተማሪ አንድ ዲ ወደ 3.54 ቢያወርደው ከዘበኛው ጋር የሚያጣላው ነገር የለም። በ3.00 አካባቢ ላለ ተማሪ ግን ያችው 0.06 ከውስጥ ወደ ውጭ ታወጣዋለች። ስለዚህ «አንድ ዝቅተኛ ማርክ ምን ያህል ይጐዳል?» ተብሎ ሲጠየቅ፥ ጠያቂው ከዳርቻው ምን ያህል ርቆ እንደ ቆመ ሳይታወቅ መልስ መስጠት አይቻልም።

በጀርመን አገር ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የጀርመኖች ማርክ ከእኛው የተገለበጠ ነው፤ 1.0 ከሁሉ የበለጠ፥ 4.0 ማለፊያ፥ 5.0 ውድቀት ነው። ከውጭ አገር የሚመጣ ማርክ ወደ እነርሱ መለኪያ የሚለወጥበት ሒሳብ አላቸው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ሊገኝ ከሚቻለው ከፍተኛ ነጥብ ላይ የተማሪው ነጥብ ይቀነሳል፤ ይህም ከፍተኛው ነጥብ ከዝቅተኛው የማለፊያ ነጥብ ለሚበልጥበት ልዩነት ይካፈላል፤ የተገኘው በ3 ተባዝቶ 1 ይጨመርበታል። በእኛ ዘንድ ከፍተኛው 4፥ ለመመረቅ የሚበቃው ዝቅተኛ ነጥብ 2 ነው። በ3.00 የተመረቀ ሰው 1 ለ2 ተካፍሎ፥ በ3 ተባዝቶ፥ 1 ተጨምሮ 2.5 ያገኛል። በዚያ ዲ ምክንያት በ2.94 የተመረቀው ደግሞ 2.59 ያህል ይሆንበታል። አንዳንድ የማስተርስ ትምህርቶች 2.5 ወይም ከዚያ የተሻለ ብለው ስለሚወስኑ፥ በእኛ መለኪያ እዚህ ግባ የማይባለው ልዩነት እዚያ ሲደርስ ማመልከቻን የሚያስመልስ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ያለው ነጥብ ለእኔ ከሁሉ ያስገረመኝ ነው። ሁሉም ዩኒቨርሲቲ የሚያየው የአራቱን ዓመት አማካይ አይደለም። በማዲሰን ከተማ ያለው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ 3.00 የሚጠይቀው በመጨረሻዎቹ 60 የሴሚስተር ክሬዲቶች ላይ ነው። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በኧርባናና ሻምፔይን የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ይቈጥራል። በኦስቲን ያለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት ደረጃ የሚሰጡትን ኮርሶች ይመለከታል። እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል ከዚህ የበለጠ ሊጠይቅ መቻሉ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በእነዚህ ደንቦች መሠረት የምሳሌያችንን ተማሪ እንደ ገና እንመዝነው። ዲውን ያገኘው በመጀመሪያው ዓመት ከሆነ ከ60ዎቹ ክሬዲቶች ውጭ ስለሚቀር ነጥቡ 3.00 ሙሉ ነው። ዲውን ያገኘው በመጨረሻው ዓመት ከሆነ ግን 172 ለ60 ተካፍሎ 2.87 ይሆናል። ከአራቱ ዓመት አማካይ እንኳ ያነሰ ነው። አንዱ ማርክ በሁለት ቀን ሁለት ዋጋ አለው።

ይህን ያነበበ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ «እንግዲያውስ የመጀመሪያው ዓመት አያሳስብም» ብሎ እንዳይዝናና አንድ ነገር ልጨምር። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ወደ ትምህርት ክፍል የሚመደበው በምርጫውና በማርኩ ነው። ብዙ ሰው የሚሻማበትን ክፍል የመረጠ ተማሪ፥ ከዓመቱ ጥቂት ኮርሶች አንዱ ዲ ከሆነበት ከተወዳዳሪዎቹ ወደ ኋላ ይቀራል። በዚያ ጊዜ አካፋዩ ክሬዲት ትንሽ ስለ ሆነ የዲው ክብደት ትልቅ ነው። ስለዚህ በእኛ አገር የመጀመሪያው ዓመት ማርክ የሚጐዳው በማስተርስ በር ላይ ሳይሆን ገና በባችለሩ በር ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ኢንጂኔር ልሁን ብሎ ያሰበ ሰው ሌላ ክፍል የገባ እንደ ሆነ የማስተርሱም መንገድ አብሮ ይለወጣል።

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ቍጥሩ ብቻ ነው። የድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚመርጡት መምህራን ግን ቍጥሩን ካዩ በኋላ የማርኩን መዝገብ ዘርግተው ያነብባሉ፤ በሚያነቡም ጊዜ ዲው በምን ኮርስ ላይ እንደ ሆነ ይጠይቃሉ። የመካኒካል ኢንጂኔሪንግ ተማሪ በታሪክ ኮርስ ሲ ቢያገኝ ማንም ብዙ አያስብበትም። ያው ሲ በቴርሞዳይናሚክስ ወይም በፈሳሾች መካኒክስ የሆነ እንደ ሆነ ግን፥ በተለይም በዚያው ዘርፍ ምርምር ለማድረግ ካመለከተ፥ ዓይን ያርፍበታል። የኤሌክትሪክ ተማሪ ከሆነ ሰርኪትና ኤሌክትሮማግኔቲክስ፥ የሲቪል ተማሪ ከሆነ ስታቲክስና የቁሶች ጥንካሬ እንዲሁ ናቸው። ለሁሉም የጋራ የሆነው ሒሳብ ነው፤ ካልኩለስ፥ ሊኒየር አልጀብራ፥ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን።

ይህ ዓይን ማሳረፍ ጭካኔ አይደለም። የኢንጂኔሪንግ ኮርሶች እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። ፊዚክስ ከምንማረው በጥቂቱ ከፍ ያለ አንድ ጥያቄ ወስደን እንየው። ርዝመቱ 6 ሜትር የሆነ የብረት አግዳሚ በሁለት ጫፎቹ ተደግፎ ተቀምጧል። ከግራው ጫፍ 2 ሜትር ርቆ 12 ኪሎኒውተን ጭነት ተጭኖበታል። የአግዳሚውን የራሱን ክብደት እንተወው። የስታቲክስ ተማሪ የሚጠየቀው፥ እያንዳንዱ ድጋፍ ምን ያህል ይሸከማል? ተብሎ ነው። በቀኙ ድጋፍ ዙሪያ ሞመንት ቢወስድ 12 ጊዜ 4 48 ነው፤ ለ6 ሲካፈል የግራው ድጋፍ 8 ኪሎኒውተን ይሸከማል፤ የቀኙ የቀረውን 4 ይሸከማል። ጭነቱ የቀረበው ድጋፍ ይበልጥ መሸከሙ በቤት ውስጥ እንስራ በዘንግ አድርገው ለሁለት ለተሸከሙ ልጆች ሁሉ የታወቀ ነው።

በሚቀጥለው ሴሚስተር ይኸው ተማሪ የቁሶች ጥንካሬ ሲማር፥ አግዳሚውን የሚያጐብጠው ትልቁ ሞመንት ስንት ነው? ተብሎ ይጠየቃል። ጭነቱ ባረፈበት ቦታ 8 ጊዜ 2፥ ማለት 16 ኪሎኒውተን ሜትር ነው። በሦስተኛው ኮርስ ደግሞ ከዚህ ሞመንት ተነሥቶ ምን ያህል ውፍረት ያለው ብረት እንደሚያስፈልግ ይወስናል። እንግዲህ ስታቲክስን በደንብ ያልያዘ ተማሪ የሁለቱን ድጋፎች ሸክም አለዋውጦ ለግራው 4 ቢሰጠው፥ ሞመንቱ 8 ይሆንበትና ሊመጣ ከሚችለው ግማሹን ብቻ የሚችል ብረት ይመርጣል። ከቀኝ በኩል ደግሞ ቢያሰላው 8 ጊዜ 4 32 ይወጣለት ነበር፤ የሁለቱ አለመስማማት ስሕተቱን ባስታወቀው ነበር፤ ነገር ግን ከሁለቱም በኩል ማስላትን የሚያስተምረው ያው ያልያዘው ኮርስ ነው። መራጮቹ መምህራን በስታቲክስ ላይ ዲ ሲያዩ የሚያስቡት ስለ 0.06 ሳይሆን ስለዚህ ብረት ነው።

ከዚሁ የተነሣ ለዝቅተኛ ማርክ ከሁሉ የሚበልጠው መልስ በሰንሰለቱ ላይ ቀጥሎ ባለው ኮርስ የሚገኝ ከፍተኛ ማርክ ነው። በስታቲክስ ዲ ያገኘ ተማሪ በቁሶች ጥንካሬ ኤ፥ ከዚያም በኋላ በሚመጣው የግንባታ ስሌት ኤ ካገኘ፥ መዝገቡን የሚያነብ ሰው «ይህ ልጅ የጐደለውን ሞልቶአል» ይላል። ስታቲክስን ሳያውቁ በእነዚህ ኤ ማግኘት አይቻልምና። በአንጻሩ፥ ዲው ከታየ በኋላ ተማሪው ከዚያ ዘርፍ ሸሽቶ ቀላል ቀላል ኮርሶችን እየመረጠ አማካዩን ከፍ ቢያደርግ፥ ቍጥሩ ያምራል እንጂ ጥያቄው እንዳለ ይቀራል።

ኮርሱን ደግሞ መማርስ? የሚል ይኖራል። ደንቡ ከቦታ ወደ ቦታ ይለያያል፤ በአንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ አዲሱ ማርክ የቀድሞውን ተክቶ ይታሰባል፤ በሌላው ሁለቱም ይታሰባሉ። በአሜሪካ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ማርኮች በመዝገቡ ላይ ተጽፈው ይቀራሉ። በነገራችን ላይ፥ ከአሜሪካ ታላላቅ የቴክኖሎጂ ትምህርት ቤቶች አንዳንዶቹ ለአዲስ ተማሪ የሚያሳዩት ርኅራኄ ያስደንቃል። በማሳቹሴትስ ኢንስቲትዩት ኦፍ ቴክኖሎጂ በመጀመሪያው ሴሚስተር የወደቀ ተማሪ ውድቀቱ ወደ ውጭ በሚላከው መዝገብ ላይ አይጻፍበትም። በካሊፎርኒያ ኢንስቲትዩት ኦፍ ቴክኖሎጂም የመጀመሪያው ዓመት ሁለት ተርሞች የሚመዘገቡት «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ተብሎ ብቻ ነው። (በማሳቹሴትሱ ትምህርት ቤት ኤ የሚቈጠረው 4 ሳይሆን 5 ነጥብ ነው፤ ስለዚህ ከዚያ የመጣ ሰው «4.2 አለኝ» ቢላችሁ አትደነቁ።)

ለዶክትሬት የሚያመለክት ሰው ከማርኩ መዝገብ ሌላ ብዙውን ጊዜ የሦስት ሰዎች የምስክርነት ደብዳቤና ምን መመርመር እንደሚፈልግ የሚገልጽ ጽሑፍ ይላካል። ጂ አር ኢ የሚባለውን ፈተና ከ2020 (እ. ኤ. አ.) ወዲህ ብዙ የኢንጂኔሪንግ ክፍሎች መጠየቅ ትተዋል፤ ይህም ለደብዳቤው የበለጠ ክብደት ሰጥቶታል። የደብዳቤን ነገር ለማስረዳት ኢንጂኔር ያልነበረ ነገር ግን በፖሊቴክኒክ የተማረ የአንድ ሰው ታሪክ ልጥቀስ።

አልበርት አንስታይን በ1896 (እ. ኤ. አ.) ወደ ዙሪክ ፖሊቴክኒክ ገባ። በዚያ ማርክ የሚሰጠው ከ1 እስከ 6 ሲሆን 6 ከሁሉ የበለጠ ነው። ፕሮፌሰር ፔርኔ በሚያስተምሩት የፊዚክስ ሙከራ ኮርስ አንስታይን ከክፍል ይቀር ስለ ነበረ 1 ተሰጠው፤ ከዚህ በታች ማርክ የለም። በ1900 (እ. ኤ. አ.) በ4.9 አማካይ ተመረቀ። አብረውት ያለፉት ሦስቱ የክፍል ጓደኞቹ እዚያው ፖሊቴክኒክ ውስጥ ረዳት ሆነው ተቀጠሩ፤ እርሱ ግን ለብዙ ፕሮፌሰሮች ቢጽፍም ቦታ አጣ። በ1902 (እ. ኤ. አ.) በጓደኛው በግሮስማን አባት አማላጅነት በበርን ከተማ በፓተንት መሥሪያ ቤት ሥራ ያዘ፤ ዶክትሬቱን በ1905 (እ. ኤ. አ.) ከዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ተቀበለ። ሰዎች ይህን ታሪክ ሲያወሩ «አንስታይንም ወድቆ ነበር» እያሉ ለመጽናኛ ያደርጉታል። እኔ ግን የማየው ሌላውን ነው። አራት ዓመት ተምሮ ሲወጣ «ይህን ሰው አውቀዋለሁ፥ ውሰዱት» ብሎ የሚጽፍለት አንድ ፕሮፌሰር አልነበረውም። ያቺ የሙከራ ክፍል 1 ብቻዋን ሥራ ባላስከለከለችውም ነበር፤ ከመምህራኑ ጋር መራራቁ ግን ዓመታት ወሰደበት።

ስለዚህ ዝቅተኛ ማርክ ያገኘ ተማሪ ከመምህሩ ቢሮ እንዳይሸሽ ያስፈልጋል። በአገራችን የኢንጂኔሪንግ ተማሪ ሁሉ ከመመረቁ በፊት በፋብሪካ ወይም በግንባታ ቦታ የሥራ ልምምድ ያደርጋል፤ በመጨረሻም የመመረቂያ ፕሮጀክት ይሠራል። በእነዚህ ሥራዎች ከአንድ መምህር ጋር ተቀራርቦ የሠራ ሰው፥ ያ መምህር ስለ እጁ፥ ስለ አስተሳሰቡና ስለ ትጋቱ ሊጽፍለት ይችላል። ማርክ ይህን አይናገርም። ደብዳቤ ጸሓፊው ስለዚያ ዲ ምክንያት ካወቀ እርሱ ራሱ በሁለት መስመር ቢያነሣው፥ ተማሪው ራሱ ከሚያነሣው ይልቅ ይታመናል።

ተማሪው ራሱ ማስረዳት ካለበት ግን አጭር ይሁን። «በሁለተኛው ዓመት ታምሜ ለአንድ ወር ከትምህርት ቀርቼ ነበር፤ በስታቲክስ ያገኘሁት ዲ የዚያን ጊዜ ነው፤ ቀጥሎ ባሉት ሁለት ኮርሶች ኤ አግኝቻለሁ» ብሎ ማለፍ በቂ ነው። መምህሩን መክሰስ፥ ፈተናው ከባድ ነበር ማለት፥ አንድ ገጽ ሙሉ ይቅርታ መጠየቅ አይጠቅምም፤ ስለ ምርምር ሊጻፍበት የሚገባውን ገጽ ይጨርሳልና። ምክንያት የሌለው ዲ ከሆነ ደግሞ ምንም ባይጻፍ ይሻላል፤ የፈጠራ ሕመም ማንም መምህር አያጣውም።

ከመግባት ሌላ የገንዘብ ነገር አለ። በአሜሪካ በኢንጂኔሪንግ ዶክትሬት የሚማር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የምርምር ወይም የማስተማር ረዳት ሆኖ የትምህርት ክፍያውም ይከፈልለታል፥ መተዳደሪያም ያገኛል። የማስተርስ ተማሪ ግን ብዙ ጊዜ ከኪሱ ይከፍላል። ደኅና ደመወዝ ያላቸው ወላጆች እንኳ ይህን ክፍያ በብር መንዝረው ሲያዩት ዝም ይላሉ። ስለዚህ ለእኛ አገር ተማሪ ዝቅተኛ ማርክ ትልቁን ጕዳት የሚያደርሰው በመግባቱ ላይ ሳይሆን በነጻ ትምህርት ዕድል ላይ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ሊቀበለው ይፈቅድና ገንዘቡን ለሌላ ይሰጣል። በዳርቻው ላይ ያለ ተማሪ ሌላም መንገድ አለው፤ መጀመሪያ በአገሩ ማስተርስ ተምሮ ከዚያ ለዶክትሬት ማመልከት ይችላል። የማስተርሱ ማርክ ከፍ ያለ ከሆነ የድሮው ዲ ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ የሚያነብበው ሰው ጥቂት ነው። ጥቂት ዓመት በሙያው ሠርቶ ማመልከትም እንዲሁ ነው።

በአገር ውስጥስ? በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ለመመረቅ የሚያስፈልገው አማካይ ነጥብ 2.00 ነው። ከ2015 ዓ. ም. ጀምሮ ደግሞ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ ማለፊያውም ከ100 50 ነው። ለማስተርስና ለዶክትሬት የሚያመለክት ሰው ከ2016 ዓ. ም. ጀምሮ አገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ይፈተናል። እነዚህ ሁለት ፈተናዎች ለባለ ዲው ተማሪ ጥቅምም ጕዳትም አላቸው። ጥቅሙ፥ ማርኩ ያልተናገረለትን ዕውቀት በአንድ ቀን ሊያሳይ መቻሉ ነው። ጕዳቱ፥ የመውጫው ፈተና ከዋና ዋናዎቹ ኮርሶች ስለሚወጣ በዲ የታለፈው ኮርስ በአምስተኛው ዓመት ተመልሶ መምጣቱ ነው። በዲ ያለፈ ኮርስ ከመዝገብ ላይ ያለፈ ይመስላል፤ ከጥያቄ ወረቀት ላይ ግን አያልፍም።

የመጨረሻው ጥያቄ፥ ኮርሱ አልሆንልህ ያለ ተማሪ እስከ መጨረሻው ገብቶበት ዲ ይውሰድ ወይስ በመካከል ይተወው? የሚለው ነው። በጊዜው የተተወ ኮርስ ከአማካዩ ሒሳብ ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ በቍጥር ረገድ መተው ከዲ ይሻላል። ነገር ግን የኢንጂኔሪንግ ኮርሶች በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጡ ስላሉባቸው፥ ስታቲክስን የተወ ተማሪ የሚከተሉትን ኮርሶች ሁሉ አንድ ዓመት ሊያዘገይ ይችላል። ይህን ከመወሰን በፊት ኮርሱ እንደ ገና የሚሰጠው መቼ እንደ ሆነ፥ ተከታዮቹም ኮርሶች የትኞቹ እንደ ሆኑ የትምህርት ክፍሉን አማካሪ መጠየቅ ያስፈልጋል። ኮርስ መተው የሚቻልበት የመጨረሻው ቀን በየዩኒቨርሲቲው የዓመት መርሐ ግብር ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ብዙውን ጊዜም የመጀመሪያው ትልቅ ፈተና ውጤት ሳይታወቅ ያልፋል።